«በሽማግሌ ተፋተናል» ስንል ተፋተናል ማለት ነው? ጥያቄና መልስ ስለ ጋብቻ፣ ፍቺና ልጅ

የቤተሰብ ጉዳይ ይዤ ችሎት መቆም ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ብዙ ሰው የሚጎዳው ቤት ውስጥ የለመደውን ቃል በለመደው ትርጉም ይዞ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ነው። ስለዚህ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ስመልስ ቃሉን አስቀድማለሁ። የምጠቅሰው በ1992 ዓ.ም. የወጣውን የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ነው። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ ለምሳሌ የአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 79/1995 አለው። ክልል ያላችሁ የክልላችሁን ሕግ አስቀድማችሁ እዩ።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን አራት ዓመታችን ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ተፈራርመን ተለያየን። አሁን ሌላ ማግባት እችላለሁ?

አይችሉም ወንድሜ። በድሮው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ልማዱ እስካሁን ያልለቀቀን ለዚህ ነው። ዛሬ ግን ጋብቻ በፍቺ ፈርሷል ብሎ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። የሽማግሌዎቹን ወረቀት አይጣሉት፤ ስለ ንብረትና ስለ ልጆች የተስማማችሁበት ነገር ካለው ይጠቅማል። እርሷም ከተስማማች «በስምምነት ፍቺ» ብላችሁ አብራችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ካልተስማማች እርስዎ ብቻዎን አቤቱታ ያቀርባሉ። ፍርድ ቤቱ እንድታስቡበት ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ከሦስት ወር ግን አይበልጥም። ውሳኔው በእጅዎ ሳይገባ ሁለተኛ ጋብቻ ቢፈጽሙ ግን በወንጀል ሊያስጠይቅዎት ይችላል።

ጥያቄ፦ የፍቺ ምክንያቴን ማስረዳት አለብኝ?

የለብሽም። ሕጉ ምክንያትሽን ዘርዝሪ ብሎ አያስገድድሽም። ጥፋቱ የሌላው ወገን ከሆነና ካሳ የምትጠይቂ ከሆነ ግን ያኔ ማስረጃ ያስፈልግሻል።

ጥያቄ፦ ሰባት ዓመት ዱባይ ሠርቼ በላክሁት ብር ባሌ ቤት ሠራ። ካርታው በእርሱ ስም ነው። «የኔ ነው» ይላል።

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ከቤሩትም ከጅዳም በተደጋጋሚ እሰማለሁ፤ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይነካል። በጋብቻ ውስጥ ሳላችሁ ከሁለታችሁ ድካም የተገኘ ገቢ «የጋራ ሀብት» ነው። ካርታው በአንዱ ስም ስለወጣ ብቻ ቤቱ የእርሱ አይሆንም። ሕጉ ንብረቱ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል፤ የግሌ ነው የሚል ወገን ነው የሚያስረዳው። ስለዚህ ሸክሙ እርሱ ላይ ነው። ያም ሆኖ የሐዋላ ደረሰኞችሽን፣ የባንክ መግለጫሽንና ስለ ግንባታው የተጻጻፋችሁትን መልእክት ሁሉ ሰብስበሽ ያዢ። ቤቱ ከጋብቻ በፊት የእርሱ ከነበረ ወይም በውርስ ካገኘው ግን «የግል ሀብቱ» ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ፦ በጋብቻው ዘመን ከዚያ የግል ቤት የተሰበሰበው ኪራይ የጋራ ነው።

ቤቱን ሊሸጠው ነው ብለሽ ከሰጋሽ ዛሬ ነገ አትበይ። የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለታችሁ ስምምነት መሸጥ አይቻልም። ተሽጦ ብታገኚው ውሉ እንዲፈርስ መጠየቂያው ጊዜ ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ብቻ ነው። ካለሽበት ሆነሽ ለምታምኚው ሰው በኤምባሲ በኩል ውክልና ስጪ።

ጥያቄ፦ «ሞግዚት» እና «አሳዳሪ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

አንድ ጊዜ የልጅ ልጇን የምታሳድግ አያት አብራኝ ቀረበች። የልጁ ወላጆች አርፈዋል፣ ባንክ የቀረ ጥቂት ገንዘብ አለ። ዳኛዋ «ሞግዚቱ እርስዎ ነዎት?» ብለው ጠየቋት። አያት ነጠላዋን አስተካክላ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ «ኧረ እኔ አያቱ ነኝ!» አለች። ሞግዚት ማለት ለእርሷ ተቀጥራ ልጅ የምትጠብቅ ሴት ናት። ቃሉን ቀድሜ ሳላስረዳት በመቅረቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

በሕጉ «አሳዳሪ» የልጁን አካል፣ ጤናውንና ትምህርቱን የሚጠብቅ ነው። «ሞግዚት» ደግሞ የልጁን ንብረትና ገንዘብ የሚያስተዳድር፣ በገንዘብ ነክ ጉዳይ ስለ ልጁ የሚቆም ነው። በጋብቻ ውስጥ አባትና እናት ሁለቱንም በጋራ ይይዛሉ። ሁለቱም ከሞቱና በኑዛዜ የሾሙት ሰው ከሌለ ሕጉ ቅድሚያ የሚሰጠው ለአያቶች ነው። ያቺ አያት የቆመችው በሙሉ መብቷ ነበር።

ጥያቄ፦ ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ለእናት ነው የሚሰጠው፣ እውነት ነው?

ይህ የድሮው ሕግ ነው፤ በ1992ቱ ሕግ ውስጥ የለም። አሁን ዳኛ የሚያየው የወላጆችን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጁን ዕድሜና ጥቅም ነው። ከሁሉ በላይ የልጁ ጥቅም ይቀድማል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ይህንኑ ይላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት (የሕግ ስህተትን የሚያርመው የመጨረሻው ችሎት) በመዝገብ ቁጥር 23632 አባት ከአክስት ጋር ሲከራከር ያሳደገችውን አክስት የመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው። አባትነት ብቻውን አልበቃም። የተሰጠ ውሳኔም ሁኔታው ሲለወጥ እንደገና ሊታይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ቀለብ ስንት ብር ነው?

የተቆረጠ ዋጋ የለውም። የልጁ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም ተመዝኖ ነው የሚወሰነው። አባትየው ተወስኖበት አልከፍል ካለ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን እንዲያስፈጽምልሽ የአፈጻጸም ፋይል ክፈቺ። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 658 ቀለብ መከልከልን ያስቀጣል። ውዝፉ እስኪከማች አትጠብቂ።

ጥያቄ፦ ሳንጋባ አምስት ዓመት አብረን ኖርን። መብት አለኝ?

እንደ ባልና ሚስት አብራችሁ ከኖራችሁና ከሦስት ዓመት ያላነሰ ከሆነ በዚያ ጊዜ ያፈራችሁት ንብረት የጋራችሁ ነው። ጎረቤት፣ ዕድር፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ሁሉም ማስረጃ ይሆንሻል።

ጥያቄ፦ ዳኛ ልጄን ያናግረዋል? ምን በል ልበለው?

ሊያናግረው ይችላል። ምንም በል አይበሉት፣ እባክዎ። የተጠና መልስ ከልጅ አፍ ሲወጣ ያስታውቃል፤ ልጁም አባቱን ወይም እናቱን የከዳ ይመስለዋል። ማታ በጊዜ ይተኛ፣ ጠዋት ቁርሱን ይብላ፣ ዳኛው ሲጠይቀው የመሰለውን ይናገር።