የሞንተሬይ ጥድ በጓሯችን፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ሰሞኑን ስለዚህ ጥድ (በእንግሊዝኛ ሞንተሬይ ሳይፕረስ ስለሚባለው) ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የምወደው ዛፍ ስለሆነ ደስ እያለኝ እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ይችለዋል?
አገሩ ካሊፎርኒያ ነው፤ የፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር። በተፈጥሮ የበቀለበት የቀረው እዚያው ሳይፕረስ ፖይንትና ፖይንት ሎቦስ የሚባሉ ሁለት ቦታዎች ላይ ብቻ ነው። ጉምና ንፋስ ለምዷል፤ ደጋው አይከብደውም። ችግኙን ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይለበልበዋል። የመጀመሪያውን በጋ ማታ ማታ በጆንያ ሸፍኚው፤ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ግለጪው።

እነዋሪ ነኝ፤ መሬቴ ዋልካ ነው።
ከብርዱ ይልቅ የምፈራልህ እሱን ነው። ዋልካ ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል፤ የጥዱ ሥር ውሃ ውስጥ ከከረመ ይበሰብሳል። ዝም ብለህ ጉድጓድ ቆፍረህ ከተከልክ ጉድጓዱ ገንዳ ይሆንብሃል። አፈሩን ቆልለህ ጉብታው ላይ ትከል፤ ዙሪያውን ቦይ አውጣለት።

ስተክል የችግኙን ፕላስቲክ ልተወው?
በፍጹም! ቀደህ አውጣው። ከታች የተጠማዘዘ ሥር ካለ ቁረጠው።

ጣርማ በር ላይ ለንፋስ መከላከያ ይሆናል?
በደንብ። ሙያው ነው። ግን ከቤት አርቃችሁ ትከሉት፤ ሲያድግ 20 ሜትር ያልፋል። አጥር ላድርገው የምትሉም ገና ለጋ ሳለ ጫፍ ጫፉን ከርክሙ። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ይሄም እንደዛ እንዳይመስላችሁ። ቅጠል የሌለው አሮጌ እንጨት ድረስ ከቆረጣችሁት ቦታው ራቁቱን ይቀራል። ብዙ የሚያማምር አጥር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ቅርንጫፉ እየደረቀ ነው፤ ውሃ አንሶት ይሆን?
መጀመሪያ ቅርንጫፉን ገልጠሽ እዪ። ቅርፊቱ ላይ ተጣብቀው የሚመጥጡት ጥቃቅን ነፍሳት ክሽክሽ ናቸው፤ ጉንዳን ሲመላለስ ካየሽ ጠርጥሪ። ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ሙጫ የሚያወጣ ከሆነ ግን የፈንገስ በሽታ ነው። ኬንያ ውስጥ ይህን ጥድ በስፋት ተክለው፣ በፈንገሱ የተነሳ ትተውት ወደተለመደው የፈረንጅ ጥድ ዞረዋል። የታመመውን ከጤነኛው ክፍል ጀምረሽ ቁረጪና አቃጥዪ። መቁረጫውንም በአልኮል ጥረጊ።

ግቢዬ ጠባብ ነው፤ የሐበሻ ጥድ ይሻለኛል?
ይሻልሃል። ቀስ ብሎ ያድጋል እንጂ የአገሩን አየር ያውቀዋል፤ ወፍ ዋሻ ደን ሄደህ እየው።

እናቴ ሥሩ ጎመን ልተክል ትላለች።
ጥላውም ሥሩም አያስበቅላትም። ጎመኑን ፀሐይ ወዳለበት ትውሰደው።