ስምንተኛው ከሩቡ ይበልጣል ለሚል ልጅ

ልጅዎ «8 ከ4 ስለሚበልጥ ስምንተኛው ከሩቡ ይበልጣል» ብሎ ካስቸገረዎት ደብተሩን ይዝጉና በመክሰስ ሰዓት ሁለት እኩል ክብ ዳቦ ያቅርቡ። አንዱ ለ4፣ ሌላው ለ8 እኩል ይቆረጥ። ቢላዋውን እርስዎ ይያዙ፤ የት እንደሚቆረጥ ግን እሱ ያመልክት። ከዚያ ሩቡንና ስምንተኛውን ጎን ለጎን አስቀምጠው የትኛውን መብላት እንደሚፈልግ ይጠይቁት። የራበው ልጅ አይሳሳትም። ሁለት ስምንተኛ ሩቡ ላይ ሲደረብ ልክ መግጠሙንም ራሱ ይየው።

በአራቱ ሩቦች ላይ ደግሞ ምግቡን ያስተምሩ፦ ሁለቱ ላይ አቮካዶ፣ አንዱ ላይ ቲማቲም፣ በቀረው ላይ ስኳር ያልገባበት የለውዝ ቅቤ። አቮካዶው የዳቦው ስንት እጅ ነው?

ዳቦዎቹ የግድ እኩል ይሁኑ። እኔ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ አቅርቤ የትልቁ ሩብ ከትንሹ ግማሽ በለጠ፤ ልጄም «ሩብ ከግማሽ ይበልጣል» እያለች ሳምንት ሙሉ ሞገተችኝ።