የደሴና የኮምቦልቻ ዕድገት ለማን ይደርሳል? ስለ ልማት ድርጅቶች ድርሻ ጥያቄና መልስ

ትርፍ የማይከፋፈሉ፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ የልማት ድርጅቶች በደሴ፣ በኮምቦልቻና በዙሪያቸው ባሉ ወረዳዎች የኢኮኖሚ ዕድገቱ ድሃውንም እንዲያቅፍ ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ጥያቄ ያለው እንዲጠይቀኝ በጋበዝኩት መሠረት በርካታ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። እኔ በደቡብ ወሎ ከቁጠባ ቡድኖችና ከአነስተኛ ነጋዴዎች ጋር ለዓመታት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ መልሶቼም ከዚያው ሥራ የተነሡ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በእኛ አቆጣጠር ነው የተጻፉት።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ደረቅ ወደብ፣ የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ይህ ሁሉ እያለ የልማት ድርጅት ምን ይጨምራል?

መልስ፦ ፋብሪካ አያስፈልገንም ከሚል ሰው ጋር አልስማማም። ፓርኩ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ የብዙ ቤተሰብ ተስፋ ነበር፤ ዛሬም ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ከተሞች በጥቅምት 2014 መጨረሻ በጦርነቱ ተይዘው እስከ ኅዳር 27 ቀን 2014 ድረስ ሲቆዩ ፋብሪካውም መጋዘኑም የነጋዴው ሱቅም ተዘረፈ። ከዚያ ሳያገግሙ አሜሪካ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (የአፍሪካ ምርቶች አሜሪካ ያለ ቀረጥ እንዲገቡ ከሚፈቅደው ሕግ) ተጠቃሚነት ስለሰረዘች፣ ለዚያ ገበያ የሚሰፉ ፋብሪካዎች የቀረጥ ነፃ ዕድላቸውን አጡ። ኑሮውን በሙሉ በአንድ ደመወዝ ላይ የጣለ ቤተሰብ ውሳኔው ሌላ አገር በተወሰነ ማግሥት ምን እንደሚገጥመው ያየነው ያኔ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጥናት ልጥቀስ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ 1,000 ገደማ ሰዎችን በዕጣ በሦስት ከፈሏቸው፤ አንዱ ክፍል የፋብሪካ ሥራ፣ ሁለተኛው 300 ዶላር ገደማ ገንዘብና የንግድ ሥልጠና አገኘ፣ ሦስተኛው ለማነጻጸሪያ ምንም ሳይሰጠው ቀረ። ከዓመት በኋላ ፋብሪካ ከገቡት አብዛኞቹ ለቅቀው ነበር፤ ገንዘብና ሥልጠና ያገኙት ገቢ ግን በ33 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከአምስት ዓመት በኋላ እንደገና ሲጠየቁ ያ ልዩነት ጠፍቷል። እኔ ከዚህ የምረዳው ፋብሪካ ብቻውን ድህነትን እንደማያስወግድ፣ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚተው ገንዘብም እንደማይዘልቅ ነው።

ስለዚህ የልማት ድርጅት ትልቁ ሥራ ፋብሪካውንና የአካባቢውን ሰው በግብይት ማገናኘት ይመስለኛል። ነገሩን ቀረብ አድርገን እንየው። እንጀራ የሚጋግሩ ሴቶች ማኅበር ለአንድ ፋብሪካ የሠራተኞች መመገቢያ ለማቅረብ ሲጠይቅ በመጀመሪያ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ደረሰኝ ይጠየቃል። ያንን አሟልቶ ውል ቢፈርምም ክፍያው የሚመጣው በወሩ መጨረሻ ወይም ከዚያም ዘግይቶ ነው፤ ጤፍ ሻጩ ደግሞ ብሩን ዛሬ ይፈልጋል። ሴቶቹ በሦስተኛው ሳምንት የሚያቦኩት ዱቄት አጥተው ውሉን ያቋርጣሉ፤ ከዚያም «የአካባቢው ሰው አቅም የለውም» ተብሎ አቅራቢ ከሌላ ቦታ ይመጣል። የጎደለው የአንድ ወር ተኩል የሥራ ማስኬጃና ወረቀቱን የሚያስጨርስ ሰው ነበር። ድርጅት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ነጋዴ ነኝ፤ ወለድ ያለበት ብድር አልነካም። የሚመጣው ድጋፍ ሁሉ ከብድር ጋር ስለሚያያዝ ከሁሉም ቀርቻለሁ። መፍትሔ አለው?

መልስ፦ በወሎ ዕድገቱ ማንን ያካትታል ከተባለ ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አላውቅም። የደቡብ ወሎ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ሆኖ ሳለ፣ ብዙ የብድር ፕሮግራሞች ወለድን እንደ ተራ ነገር አስገብተው ተቀርጸዋል፤ የማይበደረውንም ሰው ፍላጎት እንደሌለው ቆጥረው አልፈውታል። ሰውየውን ግን ያስቀረው እምነቱን የማይመጥን ውል ነው፤ ውሉን ደግሞ መለወጥ ይቻላል።

በሩ ከቀድሞው ሰፍቷል። ዘምዘም ባንክ በ2013 በአገራችን የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ባንክም ተከተለው፤ መደበኛዎቹ ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት ከፍተዋል። ችግሩ አነስተኛው ነጋዴ እዚያ የሚያደርሰው መያዣና መዝገብ የሌለው መሆኑ ነው። ድርጅቶች በመካከል ገብተው ሊያሠሩት የሚችሉት አንዱ መንገድ ሙራባሃ ነው። የልብስ ስፌት ማሽን የምትፈልግ ሴት ብትኖር አቅራቢው ተቋም ማሽኑን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ የራሱ ካደረገ በኋላ፣ የገዛበትን ዋጋና የጨመረውን ትርፍ በግልጽ ነግሮ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ይሸጥላታል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ክፍያው ስለዘገየ አይጨምርም። ዕቃው በተቋሙ እጅ ሳያልፍ ብር አስቆጥሮ ሰጥቶ ወረቀቱ ላይ ብቻ ሙራባሃ ብሎ መጻፍ ግን ያው ብድሩ ነው፤ ሕዝቡም ወዲያው ያውቀዋል። ለዚህ ነው ውሉ ከመቀረጹ በፊት የአካባቢው ዑለማዎች ቁጭ ብለው እንዲያዩት አጥብቄ የምጠይቀው። ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ማስፈረም ምክክር ሊባል አይችልም።

ጥያቄ፦ ቅሬያችን (ዕድራችን) ገንዘብም አባልም አለው፤ ሥራው ግን ለቅሶ ብቻ ነው። ወደ ልማት ማዞር ይቻላል ወይ?

መልስ፦ የቅሬውን የለቅሶ ገንዘብ አትንኩት፤ ይህን ያለ ምንም ማመንታት እላለሁ። ሰው ለቅሬ የሚያዋጣው በክፉ ቀን እንደማያፍር እርግጠኛ ስለሆነ ነው፤ ያ ገንዘብ ለንግድ ወጥቶ ቢከስር ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን መተማመኑም አብሮ ይጠፋል። ይልቅስ የቅሬውን አባላት፣ ዳኛውንና የመሰብሰቢያውን ቦታ ይዛችሁ በጎን የቁጠባ ቡድን መመሥረት ትችላላችሁ።

ይህ የቁጠባ ቡድን አሠራር በ1983 በኒጀር ኬር በተባለው ድርጅት ተጀምሮ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የተስፋፋ ሲሆን፣ ለእኛ እቁብን ለምናውቀው ሰዎች ለመረዳት አይከብድም። ከ15 እስከ 25 የሚሆኑ ሰዎች በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይሰበሰባሉ። ገንዘቡ የሚቀመጠው ሦስት ቁልፍ ባለው ሣጥን ነው፤ ሣጥኑ አንዷ ጋ፣ ቁልፎቹ ሌሎች ሦስት ሴቶች ጋ ስለሚያድሩ ማንም ብቻውን አይከፍተውም። አባል በስብሰባው ከአንድ እስከ አምስት የቁጠባ ድርሻ ትገዛለች፤ ለእያንዳንዱ ድርሻ በደብተሯ ላይ አንድ ማኅተም ይመታላታል። ማንበብ የማትችል እናት ማኅተሞቿን በጣቷ ቆጥራ ያላትን ታውቃለች፤ ጸሐፊዋ ብትሳሳት እዚያው ታርማታለች። ገንዘቡ ለአባላት በብድር እየተሰጠ ከአገልግሎት ክፍያ ጋር እየተመለሰ ቆይቶ፣ ከ9 እስከ 12 ወር ሲሞላው ሣጥኑ ይራገፍና እንደየማኅተሙ ይከፋፈላል። የአገልግሎት ክፍያው ወለድ ይሆንብናል ያሉ ቡድኖች ያለ ጭማሪ እየተበዳደሩ፣ ወይም በጋራ በግ አድልበው ትርፉን እየተካፈሉ ሲሠሩ አይቻለሁ፤ ይህም ያዋጣል።

አንድ ነገር ግን አስቡበት። የቅሬ መዋጮ መክፈል ያልቻለው ተከራይ፣ ትናንት የመጣው ተፈናቃይ፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ልጅ በቅሬው መዝገብ ላይ የሉም። ድርጅቱ በቅሬው ብቻ ከመጣ እነሱ እንደገና ይቀራሉ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የአባቴ መሬት ለልማት ተወስዶ ካሳው በሁለት ዓመት አለቀ። እንዲህ ላለ ቤተሰብ ድርጅቶች ምን ያደርጋሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በቤታችሁ የደረሰው በብዙ ቤት ደርሷል። ቀድሞ በነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ካሳው የአምስት ዓመት አማካይ የዓመት ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነበር የሚሰላው፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን መሬቱ ከመወሰዱ በፊት ከነበሩት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ የሆነውን የዓመት ገቢ በ15 ወደ ማባዛት አሻሽሎታል። ሆኖም እርሻ ብቻ የሚያውቅ ሰው ብዙ ብር በአንድ ቀን ሲቀበል፣ የስሌቱ መሻሻል ብቻውን አያድነውም። ድርጅት መምጣት ያለበት ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ነው፦ ባልና ሚስት በጋራ ሒሳብ እንዲቀበሉ፣ ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል በቤተሰብ እንዲመከርበት፣ ልጆቹም መሬቱ ላይ የሚሠራው ፋብሪካ ለሚፈልገው ሙያ አስቀድመው እንዲሠለጥኑ። እናንተ ያ አልፏችኋል፤ አሁን የሚያዋጣው ከተፈናቀሉት ሌሎች ቤተሰቦች ጋር ተደራጅቶ በአንድ ድምፅ መጠየቅ ነው። በተናጠል የሚቀርበው ማመልከቻ ብዙ ሲንከባለል አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ የበጎ አድራጎት ድርጅት መነገድ ይችላል? ወይስ ሕጉ ይከለክለዋል?

መልስ፦ ይችላል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ገቢ ማስገኛ ሥራ ይፈቅዳል፤ ትርፉ ለዓላማው እንጂ ለአባላት አይከፋፈልም፤ በንግዱም እንደማንኛውም ነጋዴ ፈቃድ ያወጣል፣ ግብር ይከፍላል። የአስተዳደር ወጪም ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ቀድሞ የነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኘውን ድርጅት ከመብት ሥራ ያግድ ነበር፤ ያ ገደብ ስለተነሣ ዛሬ አንድ ድርጅት ለሠራተኛዋ ሙያ አስተምሮ ስለ ደመወዟና ስለ ደኅንነቷም መናገር ይችላል። እኔ ይህን ዕድል በበቂ አልተጠቀምንበትም ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ከሳዑዲ ተመልሼ መጥቻለሁ። የፀጉር ሥራ ሥልጠና ሰጡኝ፤ ሱቅ ግን የለኝም። እንደገና ለመሄድ እያሰብኩ ነው።

መልስ፦ እኅቴ፣ ከቃሉና ከወረባቦ የተመለሱ ብዙ ልጆች ይህንኑ ነግረውኛል። በ2006 ከ160,000 በላይ ዜጎች ከሳዑዲ በአንድ ጊዜ ሲመለሱ የተለመደው መልስ አጭር ሥልጠና ነበር፤ በአንድ ሰፈር ብዙ ሴቶች አንድ ሙያ ተምረው ወጡ፤ ደንበኛው ግን ያው ነበር። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ገበያውን ማየት፣ ከዚያ ሙያውን መምረጥ፣ መሣሪያውን መስጠት፣ ቢያንስ አንድ ዓመት እየተመላለሱ መደገፍ ነው። ብራክ የተባለው የልማት ድርጅት በባንግላዴሽ የጀመረውና በኢትዮጵያ ጭምር በስድስት አገሮች የተፈተነው አሠራር ጥሪት፣ የዕለት መደጎሚያ፣ ሥልጠናና የቤት ለቤት ክትትልን አንድ ላይ ስለሰጠ ነው ውጤት ያመጣው። አንቺን አሁን የምመክርሽ ብቻሽን ሱቅ ከመከራየት ይልቅ፣ የሚሠራ ፀጉር ቤት ውስጥ በወንበር ኪራይ ጀምረሽ ደንበኛ እንድታፈሪ ነው። ያሠለጠነሽንም ድርጅት ክትትሉ የት እንደቀረ በጽሑፍ ጠይቂ፤ መብትሽ ነው።

ጥያቄ፦ አካል ጉዳተኞችስ?

መልስ፦ አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛ በችሎታው የመቀጠር መብት እንዳለው ደንግጓል። ደሴ ግን ዳገት ናት፤ ሥልጠናውም አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ፎቅ ላይ ሲሰጥ ይታያል። አዳራሹን ምድር ቤት ማድረግና የትራንስፖርት አበል መጨመር ትልቅ በጀት አይጠይቅም። በዕቅድ ሰነዱ ላይ አካል ጉዳተኛን ጠቅሶ አዳራሹን ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተከራየ ድርጅት ዕቅዱን አልፈጸመም።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ዕርዳታ ከተቋረጠ በኋላ ይህ ሁሉ ከንቱ አልሆነም?

መልስ፦ በጥር 2017 የዩኤስኤአይዲ ገንዘብ ሲቆም ብዙ ፕሮጀክት በመካከሉ ቀርቷል፤ ሠራተኞችም ተበትነዋል። ጉዳቱን ማሳነስ አልፈልግም። ሆኖም የሦስት ቁልፍ ሣጥኑ የአባላቱ ስለሆነ የውጭ ገንዘብ ሲቆም አብሮ አይቆምም። እንደ አልማ (የአማራ ልማት ማኅበር) እና አመልድ (የአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት) ያሉ በክልሉ የተመሠረቱ ድርጅቶች፣ በውጭ ያሉ የወሎ ልጆችና የአካባቢው ነጋዴዎች የሚያዋጡት ገንዘብ የቀረውን በሙሉ አይተካም፤ ነገር ግን ለእንጀራ ጋጋሪዎቹ የወር ተኩል ማስኬጃ ይበቃል። ደሴ የከተማ ድሆችን በሚደግፈው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ስለነበረች፣ በዚያ ቁጠባ የጀመሩ ቤተሰቦችን ፈልጎ ከዚያው መቀጠልም ይቻላል።

ጥያቄ፦ አንድ ድርጅት የእውነት እንደሚሠራ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ሦስት ነገር ጠይቁት። ያለፈው ፕሮጀክት ካለቀ ከዓመት በኋላ የትኛው ቡድን እንደቆመ አድራሻ ይስጣችሁ፤ ሄዳችሁ እዩ። ከተመዘገቡት ውስጥ ያቋረጡት እነማን እንደሆኑና ለምን እንደሆነ ይንገራችሁ፤ ያቋረጠ የለም ካለ አልተከታተለም ማለት ነው። በጀቱንም በቀበሌው ስብሰባ ላይ ያንብብላችሁ። ሦስቱንም ከመለሰ አብራችሁት ሥሩ፤ ካልመለሰ ጊዜያችሁን ለእርሻችሁና ለንግዳችሁ አውሉት።