ለሠርግ የሚዘጋጀው ኮሮላ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ከጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር የጻፉልን አንባቢ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጓደኛቸው በ1990ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር የተሠራ፣ ሰማያዊ ሜታሊክ ቀለም ያለው ቶዮታ ኮሮላ አለው። መኪናው በመጪው እሑድ ለሠርግ ስለሚፈለግ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ውስጡንም ውጭውንም እንደ አዲስ አጽድተው ሊያስረክቡት ቃል ገብተዋል፤ የፖሊሽ ማሽንም ተውሰዋል። ይሁን እንጂ ኮፈኑ ታጥቦም ደብዛዛና ሻካራ ነው፤ ጥቂት ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ ሲሞክሩበት ጨርቁ ሰማያዊ ሆነባቸው፤ በሮቹ ላይ ሲሞክሩት ግን ቀለም አልወጣም። የውስጥ ጣሪያው ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ ከዚህ በፊት ያጸዳው ሰው በቤንዚን ነበር የወለወለው። እሳቸውም የወንበሩን የዘይት እድፍ በቤንዚን ለማስለቀቅ አስበዋል። ግማሽ ቀን ይበቃኛል ወይ ሲሉ ይጠይቃሉ።

አይበቃዎትም። ለሁለት ሰው ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን ይያዙ፤ ሥራውንም ቅዳሜ ሳይሆን ዓርብ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይጀምሩ። ከሁሉ በፊት ግን ቤንዚኑን ከመኪናው ያርቁ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በመኪናው ወለል ላይ ይተኛል፤ ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ በብልጭታ ይቀጣጠላል። የአቧራ መሳቢያው ሞተር ደግሞ በሠራ ቁጥር ከውስጡ ብልጭታ ያወጣል። በተዘጋ መኪና ውስጥ ሁለቱ ሲገናኙ የሚከተለው ፍንዳታ ነው።

ከነገሩኝ ምልክቶች ሁሉ ልቤን የሳበው ሰማያዊ የሆነው ጨርቅ ነው። ፋብሪካ የቀባው ሜታሊክ ቀለም ከላዩ ግልጽ ሽፋን፣ ባለሙያዎች ክሊር የምንለው፣ ይረጭበታል፤ ክሊር ያለው አካል ሲወለወል ጨርቅ ላይ የሚቀረው የፖሊሹ ነጭና ቆሻሻው እንጂ ቀለሙ አይደለም። በሮቹ ቀለም ሳይለቁ ኮፈኑ ከለቀቀ፣ ኮፈኑ በአንድ ወቅት ተጋጭቶ ወይም ተልጦ እንደገና የተቀባ ሳይሆን አይቀርም፤ የቀባውም ሰው ወይ ክሊሩን ጨርሶ ትቶታል፣ ወይ በቲነር አቅጥኖ ስሙን ብቻ አድርሶታል። ማረጋገጥ ከፈለጉ ኮፈኑን ከፍተው በጠርዙና በማጠፊያው በኩል ይመልከቱ፤ የብርጭቆ ወረቀት ጭረት፣ ያልተስተካከለ ስቱኮ ወይም የኮፈኑ ማሸጊያ ጎማ ላይ የተረጨ ቀለም ያገኛሉ ብዬ እጠብቃለሁ። እንዲህ ያለው ሥራ ያበሳጨኛል፤ ደንበኛው ለሙሉ ቀለም ከፍሎ ግማሹን ይወስዳል፤ ጉድለቱም የሚታየው ቀቢው ገንዘቡን ከተቀበለ ከዓመት በኋላ ነው።

ስለዚህ የተዋሱት ማሽን ኮፈኑን አይንካ። ምክንያቱን ሰፋ አድርጌ ላስረዳ፤ ይህ ነገር የገባው ሰው ቀለም አያበላሽም።

የመኪና ቀለም የሚያበራው ፊቱ ለጥ ያለ ስለሆነ ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ስለሚመልስ ነው። ፊቱ ላይ ጭረት ሲኖር የጭረቱ ግድግዳዎች ብርሃኑን ወደየአቅጣጫው ይበትኑታል፤ ዓይናችንም ይህን እንደ ድብዛዜ ያየዋል። በፀሐይ ነጸብራቅ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ጭረት አይተው ከሆነ፣ ጭረቶቹ በእውነት ክብ አይደሉም። በየአቅጣጫው የተሰመሩ ናቸው፤ ከእነርሱ መካከል ብርሃኑን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት ለነጸብራቁ ጎን ለጎን የተጋደሙት ብቻ ስለሆኑ ዙሪያውን ክብ ሠርተው ይታያሉ። ፖሊሽ ጭረትን አይሞላም፤ በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ከፍ ያለ ፊት ፍቆ ከጭረቱ ወለል ጋር ያስተካክለዋል። ይህ ማለት ፖሊሽ ባደረጉ ቁጥር ሽፋን ይቀንሳሉ። የፋብሪካ ቀለም ከነሽፋኑ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ሲሆን፣ ክሊሩ ከዚህ ውስጥ 40 ወይም 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ የሰው ጸጉር 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ያስቡ። የሚፋቅ ክሊር በሌለበት ኮፈን ላይ ማሽን ከተጫነ የሚፋቀው ቀለሙ ራሱ ነው፤ በሜታሊክ ቀለም ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአሉሚኒየም ቅንጣቶች ከቀለሙ ጋር ስለሚወጡ ቦታው ግራጫ ጥላ ይይዛል። ይህ በፖሊሽ አይመለስም፤ እንደገና መቀባት ግድ ይሆናል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርም በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ክሊር የሌለው ኮፈን እዚህ ቆላ ካለው ፈጥኖ ይሞታል።

እንግዲህ ሥራው እንዲህ ይሂድ። ዓርብ በውስጡ ይጀምሩ፤ እርጥብ ወንበርና ምንጣፍ ሌሊቱን ካልደረቀ ሙሽራዋ እርጥብ ላይ ትቀመጣለች፤ ሽታውም አይጠፋም። ለውስጡ 5 ሰዓት ይመድቡ። ምንጣፎቹን ያውጡ፤ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ እያነሡ በመሳቢያ ይሳቡት። የዘይቱን እድፍ በጥቂት የዕቃ ፈሳሽ ሳሙናና ለብ ባለ ውኃ በለስላሳ ብሩሽ ይሹት፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ተጭነው ይምጠጡት። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደግሙት አብዛኛው ይለቃል፤ የቀረው ቢቀር ይቅር፤ ቤንዚን ግን አይጨመርበት። የጣሪያው ጨርቅም የተንጠለጠለው በዚሁ ነው፦ ቤንዚኑ ጨርቁን ከስፖንጁ ጋር የያዘውን ሙጫ አሟሟው። አሁን ውኃ ካስነኩት ይብስበታል፤ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይጥረጉት። በትክክል መጠገን ማለት ጣሪያውን አውርዶ፣ አሮጌውን ስፖንጅ ፍቆ፣ ሙቀት በሚችል ሙጫ መለጠፍ ነው፤ ራሱን የቻለ የአንድ ቀን ሥራ ስለሆነ ለሠርጉ አይደርስም። ዳሽቦርዱን በእርጥብ ጨርቅ ያጽዱ፤ በየሱቁ የሚሸጠውን ርካሽ ማብረቂያ አይርጩበት፤ ቅባቱ አቧራ ይሰበስባል፣ ነጸብራቁም በፊት መስታወት ላይ እየወጣ ሹፌሩን ያስቸግራል።

የዓርብ ቀሪው 2 ሰዓት ለቸርኬና ለሞተሩ ነው። ቸርኬው ሳይቀዘቅዝ ውኃ አይንካው፤ በባትሪ አሲድ የሚያጥቡም ስላሉ ከእነርሱ አይማሩ። ለሞተሩ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ፤ ዲናሞውንና የአየር መሳቢያውን በፌስታል ይሸፍኑ፤ በብሩሽና በሳሙና ውኃ ያጽዱት፤ በግፊት ውኃ አይምቱት።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ጥላ ቦታ ይዘው ይጠቡ። ውኃ ባይኖር ሦስት ጀሪካን አስቀድመው ይሙሉ፤ ወደ ቀሃ ወንዝ ወርደው በወንዝ ውኃ አይጠቡ፤ ደለሉ ቀለሙን ይጭረዋል፣ ሳሙናውና ዘይቱም ወንዙን ይበክላል። ሁለት ባልዲ ይጠቀሙ፤ አንዱ ለሳሙና፣ ሌላው ስፖንጁን ለማለቅለቅ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አያስፈልግም። ማጠቡና ማድረቁ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከዚያ እጅዎን ፌስታል ውስጥ ከተው ቀለሙን በቀስታ ይዳብሱ፤ ፌስታሉ ባዶ እጅ የማይሰማውን ሻካራነት ያጎላል። በሮቹ ላይ የሚሰማውን ቅንጣት በማጽጃ ክሌይ (እንደ ሊጥ በሚለሰልስ የቀለም ማጽጃ ጭቃ)፣ ሳሙና ውኃ እየረጩ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ያነሡታል። ክሌዩ መሬት ከወደቀ ይጣል፤ ያነሣው አሸዋ ቀለሙን ይቧጥጣል።

የማሽኑ ሥራ 4 ሰዓት ነው፤ በሮቹን፣ ጎኖቹን፣ የኋላ ኮፈኑንና ጣሪያውን ይሠሩበታል፤ ጣሪያውን ግን ከመጀመርዎ በፊት በነጭ ጨርቅ ይፈትኑት። የተዋሱት ነገር በእርግጥ የፖሊሽ ማሽን መሆኑንም ይዩ። ብዙ ሰው በብረት መቁረጫ ግራይንደር ላይ ስፖንጅ ያስራል፤ ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11000 ዙር ገደማ ሲዞር፣ ፖሊሽ የሚፈልገው ከ600 እስከ 3000 ነው። ጠርዝ ላይ አይቁሙ፤ እዚያ ሽፋኑ ስስ ነው። ኮፈኑን የሚፍቅ ነገር በሌለው ለስላሳ ዋክስ በእጅ ብቻ ሁለት ጊዜ ይቀቡት፤ የቀለሙ ድምቀት በመጠኑ ይመለሳል፤ እንደ በሮቹ ግን አያበራም። ይህንን ለጓደኛዎ ዛሬውኑ ይንገሩት። ዋክሱ ለመላው መኪና አንድ ሰዓት፣ መስታወትና የበር ጎማ ሌላ አንድ ሰዓት ይወስዳሉ፤ ጠቅላላው 16 ሰዓት ይሆናል።

ማታ ሲጨርሱ መስኮቶቹን ጥቂት ከፍተው ያሳድሩት። በመጨረሻው ሰዓት አንድ እድፍ ቢቀርና ሰው «ትንሽ ቤንዚን ብቻ» ቢልዎት እሺ አይበሉ፤ እርጥበቱን ለማውጣት መሳቢያው ሲነሣ አደጋው ያኔ ነው።

ኮፈኑ ከሠርጉ በኋላ እንደገና ይቀባ። ቀቢውን ሲያነጋግሩ አሮጌው ቀለም ይፈቃል ወይ፣ ክሊሩስ ስንት እጅ ይረጫል ብለው ይጠይቁ፤ ሁለት እጅ ካላለዎት ሌላ ቀቢ ይፈልጉ። ከተቀባ በኋላ ቲነሩ ተንኖ እስኪያልቅ አንድ ወር ያህል ዋክስ አይቀቡበት።