«ጊዜ የለም» ከተባለ «በመጀመሪያ» የሚለው ቃል ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። እነ ካርሎ ሮቬሊ፣ የኳንተም ግራቪቲ (ስበትን ከጥቃቅን ነገሮች ፊዚክስ ጋር ለማስማማት የሚሞክር ጥናት) ተመራማሪዎች፣ በተፈጥሮ ሥር ጊዜ የሚባል ነገር የለም ይላሉ። ታዲያ «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ፈጠረ» የሚለው እንዴት ይታያል? ወይስ ይህ እግዚአብሔር ከጊዜ በላይ ለመሆኑ ማስረጃ ይሆነናል?

መልስ፦ ልጄ፣ ያሳሰበኝ ሁለተኛው ጥያቄህ ነው። የመጀመሪያው ቀላል ነው። የፊዚክስ ሊቁ ብራይስ ዲዊት እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው የኳንተም ግራቪቲ እኩልታ ውስጥ ጊዜን የሚወክል ፊደል የለም፤ እውነት ነው። ግን ከእኩልታ መታጣት ከዓለም መታጣት አይደለም። አንዲት ሞለኪውል ብቻዋን ሙቀት የላትም፤ ትኩሳት የያዘውን ሰው ግን «ሙቀት የለም» ብለህ አታጽናናውም። ሮቬሊም ጊዜ ከሌላ ነገር ይመነጫል ይላል እንጂ ትናንትን ውሸት አላደረገውም። ሐሳቡ ደግሞ ገና በሙከራ አልተረጋገጠም። ቢረጋገጥስ? ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን፣ የጊዜ መጀመሪያ ራሱ ገና ጊዜ አይደለም ብሎ አስተምሯል። ጊዜ ፍጡር ነው፤ ያስገኘው ረቂቅ ነገር ቢኖርም እሱም ፍጡር ነው።

አሁን ወደሚያስቸግረው። 2ኛ ጴጥሮስ 3፥8ን፣ «በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት፥ ሺህ ዓመትም እንደ አንድ ቀን» የሚለውን፣ ይዘው «ሐዋርያው የአንስታይንን ትምህርት ቀድሞ ተናገረ» የሚሉ ሰባክያን በየጊዜው ያጋጥሙኛል። ተዉ እላለሁ! አንስታይን ጊዜ እንደ ስበቱና እንደ ፍጥነቱ ይለያያል ያለው በሰዓት የሚለካ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይት ሰዓት ከፍ ብሎ ስበቱ ስለሚላላለት በቀን 45 ማይክሮ ሰከንድ ያተርፋል፣ ስለሚፈጥን 7 ያጣል፤ በድምሩ 38 ይቀድማል። ካልታረመ ብርሃን በዚያ ልዩነት ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ የቦታው ስሌት ይበላሻል። እግዚአብሔር ግን ከፍታ ላይ የተሰቀለ ሰዓት አይደለም። ቁጥር 9ን አንብብ፦ «ሁሉ ወደ ንስሐ እንዲደርሱ እንጂ ማንም እንዳይጠፋ ወዶ ስለ እናንተ ይታገሣል»። ጉዳዩ ትዕግሥት ነው፤ ቀመር አይደለም። ዳዊት እያለልህ ዲዊትን ለምስክርነት አትጥራ።

የቤልጂየሙን ጆርጅ ለሜትርን ተመልከት። የካቶሊክ ካህን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1927 ዓለሙ እየሰፋ መሆኑን በስሌት አሳየ። በ1951 ጳጳሱ ፒዮስ 12ኛ ግኝቱን ከፍጥረት ጋር አያይዘው ሲናገሩ ግን አልተደሰተም። ቀመር ይታረማል፤ እምነቱን በላዩ ያቆመ ሰውም በታረመ ቁጥር ይናወጣል።

ጥናትህን አታቋርጥ። መመረቂያ ጽሑፍህ ላይ ግን ጥቅስ አትጨምር፤ አማካሪህ የሚጠይቅህ ስሌቱን ነው። ለንስሐ አባትህም እኩልታ ይዘህ አትሂድ።