ሐረር ተሠርቶ ድሬ ላይ የተሰነጠቀው ማንዶሊን

የአንባቢዎች ጥያቄና የድሬዳዋው ማንዶሊን ሠሪ መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ የቤት ዕቃ እሠራለሁ። ዓምና ክረምት ላይ ፊቱን በዝግባ፣ ጀርባውን በዋንዛ አድርጌ ማንዶሊን ሠራሁ። ድምፁ ያምር ነበር። ግንቦት ላይ የዘመድ ሰርግ ስለነበረብኝ ይዤው ድሬ ወረድኩ። በአራተኛው ቀን ፊቱ ከድምፅ ቀዳዳው እስከ ታች ድረስ ተሰነጠቀ። ክሮቹም ወርደው ፍሬቱን፣ አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉትን የብረት ዘንጎች፣ እየነኩ ድምፁን ያበላሻሉ። አልወደቀ፣ ማንም አልነካው። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የላክኸውን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። አይዞህ፣ እጅህ ጥሩ ነው። የአንገቱ አገጣጠም ወረቀት አያስገባም። የተሳሳትከው ወቅቱ ላይ ነው።

ሐረርና ድሬ ለእኛ ጎረቤት ናቸው፤ 55 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ለእንጨት ግን ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ድሬ ደግሞ 1,200 አካባቢ። አንተ የደንገጎን ጠመዝማዛ ስትወርድ ጃኬትህን ታወልቃለህ። እንጨቱም በክረምት የጠጣውን እርጥበት ማውጣት ይጀምራል።

እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ እምብዛም አያጥርም። የሚኮማተረው በወርዱ ነው። ያንተ የፊት ጣውላ ቃጫው ከአንገት ወደ ታች ስለሚሄድ፣ ከግራና ከቀኝ ሊሰበሰብ ፈለገ። ከውስጥ የለጠፍካቸው ደጋፊ እንጨቶች ግን በአግድም ነው የተቀመጡት። እነሱ በዚያ በኩል አያጥሩም። ጣውላው ልሰብሰብ ሲል ደጋፊው አልለቅም አለው። ታዲያ የት ይሂድ? ተተረተረ። ክሮቹ የወረዱትም በዚሁ ምክንያት ነው። ፊቱ ሲደርቅ ጎድጎድ ይላል፣ ክሮቹ የሚያርፉበት በርኩማም አብሮት ይወርዳል። በዚያ ላይ ስምንቱ የብረት ክሮች ተወጥረው በድምሩ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ይስባሉ። የአንድ ትልቅ ሰው ክብደት ማለት ነው፤ ፊቱ ግን ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር አይሞላም።

እኔም ደርሶብኛል። የመጀመሪያውን ማንዶሊን የሠራሁት ለአባቴ ነበር። እንጨቱ ከደጋ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት መላግ ጀመርኩ። ለበዓል ላደርስለት ቸኩዬ ነበር። ጨርሼ፣ ክሩን ወጥሬ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ተኛሁ። ሌሊት “ቀጭ” አለ። አቦ፣ ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ያንን ጣውላ አልጣልኩትም። ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ በሚስማር ተሰቅሏል። አዲስ እንጨት በመጣ ቁጥር ቀና ብዬ አየዋለሁ።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። እንጨቱን መጀመሪያ በአምስት ሚሊ ውፍረት እሰነጥቀዋለሁ። በየመሃሉ ቀጫጭን ዘንግ እያስገባሁ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ እደረድረዋለሁ። ፀሐይ ላይ በፍጹም አላሰጣም፣ ይጣመማል። ከዚያ ክብደቱንና ቀኑን በእርሳስ እዚያው ላይ እጽፋለሁ። እሑድ እሑድ ጠዋት በወጥ ቤት ሚዛን እመዝነዋለሁ። አሁን የያዝኩት ዝግባ ሲመጣ 412 ግራም ነበር። በሳምንቱ 388፣ ከዚያ 371፣ ከዚያ 362። መጨረሻ 358 ላይ ቆመ። ሦስት እሑድ በተከታታይ 358 ሲል ነው መላጊያዬን ያነሳሁት። ክብደቱ መውረድ ካላቆመ እንጨቱ ገና እየደረቀ ነው፤ ገዢው በር ላይ ቆሞ ቢጠብቅም አልነካውም።

ደጋፊዎቹን ደግሞ በጋ ላይ ለጥፍ። በደረቅ ጊዜ የተለጠፈ ፊት ክረምት ሲመጣ ትንሽ ጉብ ይላል እንጂ አይሰነጠቅም። በክረምት የተለጠፈ ግን በጋውን መሻገር ይከብደዋል።

የተሰነጠቀውን አትጣለው። ክሮቹን አላላቸው። በተበሳሳ የሳሙና ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አድርገህ ከማንዶሊኑ ጋር ሣጥኑን ዝጋው። ስፖንጁ እንጨቱን አይንካ። ከቀናት በኋላ ስንጥቁ ራሱ ይገጥማል። ያኔ የቆዳ ኮላ፣ ከከብት ቆዳ የሚሠራውን፣ አስገባበት፣ ከውስጥም ስንጥቁን እያቋረጡ የሚያልፉ ጥፍር የሚያህሉ የዝግባ ቁራጮች ለጥፍበት። የቆዳ ኮላ የምልህ ያለ ምክንያት አይደለም። ነጩ ኮላ መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው ይለሰልሳል። የቆዳው ኮላ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ግድም በሆነ ውሃ ላይ ተቀምጦ ይቀልጣል፤ እንዳታፈላው፣ ኃይሉን ያጣል። ነገ ጥገና ቢያስፈልግ ደግሞ በሙቀትና በእርጥበት ይላቀቅልሃል።

ማንዶሊኑ ከእንግዲህ ድሬ የሚኖር ከሆነ ግን ስንጥቁን በግድ አትዝጋው። እንደገና ይከፈታል። ክፍተቱን በቀጭን የዝግባ ስንጥር ሙላው።

ጥያቄ፦ ከሰብየን ነው። ማንዶሊኔ ክሩ ሳይያዝ በደንብ ይቃኛል። ወደ ላይኛዎቹ ድምፆች ስሄድ ግን ይወላገዳል። ፍሬቶቹን ነቅዬ ልትከላቸው?

መልስ፦ ኧረ ተው፣ አትንቀል! መጀመሪያ በርኩማውን አንቀሳቅሰው። ማንዶሊን ላይ በርኩማው በኮላ አይለጠፍም፣ የያዘው የክሩ ጫና ነው። ክሩን 12ኛው ፍሬት ላይ በስሱ ነክተህ የሚወጣውን የደወል ድምፅ ስማ። ከዚያ እዚያው ላይ ተጭነህ ምታው። የተጫንከው ከቀጠነ በርኩማውን ወደ ኋላ፣ ከወፈረ ወደ አንገቱ ግፋው። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሚሊ በላይ አትግፋ። የወፍራሙ ክር ጎን ትንሽ ወደ ኋላ ሲቀር ልኩ ነው።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ፍሬቱን ለካ። የክሩ ርዝመት፣ ከአንገቱ ጫፍ ካለው መነሻው እስከ በርኩማው፣ 352 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለ17.817 አካፍለው። የመጀመሪያው ፍሬት ከክሩ መነሻ 19.8 ሚሊ ላይ መዋል አለበት። የቀረውን ርዝመት እንደገና ለ17.817 እያካፈልክ ወደ ሚቀጥለው ትሄዳለህ። 12ኛው 176 ላይ፣ ልክ ግማሹ ላይ ያርፋል።

ጥያቄ፦ የአየለ ማሞን ማንዶሊን ሰምቼ ነው መማር የጀመርኩት። ክር ሲበጠስብኝ ግን የማንዶሊን ክር አጣሁ። ተማሪ ነኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥሩ ሰው ሰምተሽ ነው የጀመርሽው። ባለ 10 ቁጥር (ቀጭኑ ክር 0.010 ኢንች የሆነውን) የአኩስቲክ ጊታር ክር ሁለት ፓኬት ግዢ። ከእያንዳንዱ 1ኛውን፣ 2ኛውን፣ 3ኛውንና 5ኛውን ብቻ ውሰጂ። ከቀጭኑ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ይሆኑልሻል። የቀሩትን ጊታር ለሚጫወት ጓደኛ ስጪ።

የጊታር ክር ጫፉ ላይ ትንሽ ኳስ አለችው፤ የማንዶሊን ክር ግን ቀለበት ብቻ ነው። ኳሷን በፒንሳ ስትጨፈልቂያት ትሰበርና ቀለበቱ ይቀርልሻል። ዓይንሽን ሸፍኚ፣ ስብርባሪዋ ትፈናጠራለች። ጥንድ ጥንድ የሆኑትን ክሮች አንድ በአንድ ቃኚ፤ ሁለቱ ልክ አንድ ድምፅ እስኪሆኑ አትለፊያቸው። የመጀመሪያውን ኳስ መስበር ከፈራሽ ቅዳሜ ከሰዓት ወርክሾፑ ክፍት ነው። ፒንሳው አለ፣ ክሩንና ማንዶሊኑን ይዘሽ ነይ።