ካልሲየምና የታይሮይድ መድኃኒት በአንድ ላይ ይዋጣሉን?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የሚኖሩት የ62 ዓመት እናቴ ለታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ሌቮታይሮክሲን ይወስዳሉ። አሁን አጥንታቸው ስለሳሳ ሐኪም ካልሲየም አዘዙላቸው። ሁለቱንም ጠዋት አብረው ቢውጧቸው ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። ካልሲየም ሌቮታይሮክሲኑን አንጀት ውስጥ ስለሚይዘውና ወደ ደም በሚገባ እንዳያልፍ ስለሚያግደው፣ እናትዎ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ እንኳ የሆርሞኑ ማነስ የሚያመጣው ድካምና ብርድ ብርድ ማለት ሊመለስባቸው ይችላል። ስለዚህ ሌቮታይሮክሲኑን ማለዳ በባዶ ሆድ በውኃ ይውሰዱ፤ ካልሲየሙ ቢያንስ 4 ሰዓታት ዘግይቶ ይሁን፤ ካርቦኔት የተባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ የጨጓራ አሲድ ስለሚያስፈልገው ከምሳ ጋር ቢወሰድ ይመረጣል። ሰውነት በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም በደንብ አይቀበልም፤ የታዘዘላቸው ከዚያ ከበለጠ ተከፋፍሎ ይወሰድ።

በዕድሜያቸው ላሉ ሴቶች በቀን የሚመከረው 1200 ሚሊ ግራም ከምግብ የሚገኘውንም ይጨምራል። ደብረ ብርሃን የወተት አገር ናትና፣ ወተትና የጤፍ እንጀራ ከገበታቸው የማይጠፋ ከሆነ ይህንኑ ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ መጠኑ ሊቀነስ ይችላል። የኩላሊት ጠጠር ኖሮባቸው የሚያውቅ ከሆነ፣ ወይም ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስዱ ከሆነ፣ ሐኪሙ ሳያውቁ ካልሲየሙን እንዳይጀምሩ አደራ እላለሁ።